ለሙከራ የሞቱት ወይዘሮ

ከሁሉ አስቀድሜ ፈሪ መሆኔን ልናገር። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ የሰው ውሻ እፈራለሁ፤ «ለአንድ ጉዳይ ፈልጌሽ ነበር» የሚል ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይብስብኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ስሠራ አንድም ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሳላነበው ከእጄ አልወጣም። ጡረታ ስወጣ አለቃዬ በስንብት ንግግራቸው «ጠንቃቃ» አሉኝ። ፈሪ ማለታቸው ነበር፤ ቀኑ የክብር ስለሆነ ነው እንዲያ ያሉት። እንዲህ ያለች ሴት በስድሳ ሦስት ዓመቷ ድረ ገጽ ሠሪ ትሆናለች ብሎ የገመተ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልነበረም። እኔም ከማይገምቱት አንዷ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው ከጣቶቼ ነው። ሥራ የፈታ ጣት እንደ ሥራ ፈት ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቤት መዋል ከጀመርኩ በኋላ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ሲጀምሩ ሳያቸው አፈርኩ። ስለዚህ ገበያ ዳር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «መጻፍ» አልኩት። ሽፋኑ የተገነጠለ የድረ ገጽ መሥሪያ መጽሐፍ አዋሰኝ።

እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መጽሐፉም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ዋናው ሕግ «የከፈትሽውን ዝጊ» የሚል ነው። ጽሑፍ ልታደምቁ ስትፈልጉ ከፊቱ አንድ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፤ ከኋላው ደግሞ መዝጊያውን። መዝጊያውን የረሳ ሰው የጓሮ በሩን ከፍቶ እንደሄደ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደምቃል። ይህ ሕግ ለእኔ ተስማማኝ። በሬን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት ነኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ገጽ ስለ ሮብ ገበያ ድንች ነበር። ከእኔ በቀር ያየው ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ የመጣው የእድራችን ገጽ ነው። ልጆቻችን አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አልፎ ተበትነዋል። ወላጅ ሲያርፍ ወሬው የሚደርሳቸው ቀብር ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ታደገ ነገርኳቸው።

«ጥሩምባው ምን ጎደለው?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ አይሰማም።»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ አይሰማም» አሉ። ፈቃድ ማግኘቴን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ገጹን ሁለት ወር ሠራሁት። ገጹ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ በነጻ የሰጠን የውጭ አገር ድርጅት በለውጡ በገጻችን አናት ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር። ከመተዳደሪያ ደንባችን በላይ አንዲት ወገበ ቀጭን ሴት ገመድ ትዘላለች። አቶ ታደገ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋትና «ይህች ደግሞ አባል ናት?» አሉ። አለመሆኗን ሳረጋግጥላቸው የተከፉ መሰለኝ። የሆነ ሆኖ ገጹ ቆመ። አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለአባላቱ ሁሉ አደልኩ፤ እነሱም ለልጆቻቸው ላኩ። ኩራት እንዲህ ነው የሚጀምር፤ በቁራጭ ወረቀት።

የቀረኝ አንድ ነገር የኀዘን ማስታወቂያው ነበር። ጥቁር ክፈፍ ሠርቼ በመሀሉ «አረፉ» ብዬ ጻፍኩ። ግን ስም ያስፈልጋል። ስሙ ረዥም ቢሆን ከክፈፉ ይወጣ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። የፈጠራ ስም ልጽፍ አሰብኩ፤ ሆኖም የፈጠራ ስም ለፈጣሪው ይታዘዛል፤ ሰው በልኩ ነው የሚፈጥረው። የራሴን ስም ልጽፍ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ፊደል ጽፌ ጣቴ ቆመ። ፈራሁ። ከ«አረፉ» በላይ ስሜን ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ የእድሩን መዝገብ ገልጬ ከሁሉ ረዥሙን ስም ፈለግኩ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገብረክርስቶስ ወልደጊዮርጊስ። ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ዕድሜያቸውን ሰባ ዘጠኝ አልኩ፤ ቀብራቸውን ለቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አደረግኩት፤ ክፈፉን ለመሙላት ብዬ «በድንገት» የሚል ጨመርኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ገጹን ሰቀልኩት። ስሙ ክፈፉ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ደስ ብሎኝ አራት ጊዜ እየዘጋሁ ከፈትኩት። አሁን ላጥፋው ብዬ እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ።

«ይመጣል» አለ ባለቤቱ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አልመጣም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። መብራት የጠፋው እኛ ዘንድ ነው። ገጹ ያለበት አገር መብራት አይጠፋም። እኛ በኩራዝ ስንቀመጥ እትዬ የሻሽወርቅ በሰው አገር ቦግ ብለው ሞተው ያመሻሉ ማለት ነው። መብራት ይኖር እንደሆነ ደምበጫ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ እዚያ ላጥፋው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ደግሞ «የድንቹን ገጽ ማን አየው?» አልኩና ራሴን አጽናናሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የእኔ ጥፋት አንድ ቀን ሳልፈራ መዋሌ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«የእድሩ ጸሐፊ ነሽ? ቁጥርሽን ከገጹ ላይ አግኝቼ ነው» አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ። «አሰለፈች እባላለሁ፤ የፈቃደ የአክስቱ ልጅ ነኝ።»

ፈቃደ የእትዬ የሻሽወርቅ አንድ ልጃቸው ነው። አዲስ አበባ ይሠራል።

«አይተነዋል» አለች። «ለእሱ አልነገርነውም። እናትህን ትንሽ አሟቸዋል ብለን ሚኒባስ ይዘን እየመጣን ነው። ለቁርስ ወርደን ነው፤ እጁን እየታጠበ ነው።»

«ኧረ እኔ እኮ፣ እትዬ የሻሽወርቅ እኮ...»

«አይዞሽ እህቴ። ጎረቤት ነሽ፤ ለአንቺም ከባድ ነው።»

«አልሞ...»

«አውቃለሁ፤ እንደ እናት ነበሩ። ስልኩን በዘዴ ወስደንበታል። የእኛንም አሁን እንዘጋለን፤ አንዱ ደውሎ መርዶውን እንዳያፈርጥብን። ብቻ ሳንደርስ እንዳትቀብሩ። መጣ፣ መጣ!»

ዘጋችው። መልሼ ብደውል አይሠራም። ሃያ ጊዜ ደወልኩ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በድንጋጤ እንዳይጎዳ ብልሃቱ ብዙ ነው፤ ስልክ መደበቅ አዲሱ ነው። ብልሃቱ ክፉ ወሬ እንዳይገባ በሩን ሁሉ ዘግቶ ደግ ወሬም ውጭ አስቀረው።

የፈራሁት ይህን ነው። ሐኪም እትዬ የሻሽወርቅን «ልብዎ ደካማ ነው፤ አይደንግጡ» ብሏቸዋል። ቀትር ላይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ደጃቸው ላይ «ወዮ!» ብሎ ሲወርድ እሳቸው ከቤት ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ገጹ እውነት ይሆናል። ዓርብ የጻፍኩት ቅዳሜ ይፈጸማል፤ ሰዓቱ እንኳ ብዙ አይዛነፍም።

መጀመሪያ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሮጥኩ፤ ገጹን ባጠፋው ሚኒባሱ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስል። መብራት የለም። ከዚያ ወደ አቶ ታደገ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፊታቸውን ይታጠባሉ።

«አቶ ታደገ፣ ሰው ገድያለሁ።»

«ማንን?»

«እትዬ የሻሽወርቅን።»

«በምን?»

«በኮምፒዩተር።»

ፊታቸውን በእርጋታ አደረቁ። «ሞተዋል?»

«አልሞቱም።»

«እንግዲያ ምን አጣደፈሽ?» አሉና በርጩማ አቀረቡልኝ።

ነገሩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ክፈፉ ስናገር አልገባቸውም፤ ስለ ሚኒባሱ ስናገር ግን ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ። «እንዲህ ያለ ነገር በደንቡ የለም» አሉ። «መርዶ ለቤተሰብ ነው የሚነገር። ሟች ራሳቸው ቤት ካሉ...» ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ። በመጨረሻ «ሳይደርሱባቸው ቀስ ብለን እንንገራቸው» አሉ። ለብቻ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርምና ሁለት ሽማግሌዎች አስጠሩ። ጋቢያቸውን ለበሱ፤ ከዘራቸውን ያዙ፤ ወጣን።

እዚህ ላይ ሁላችንም ደነቆርን። በማለዳ፣ የእድር ዳኛ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌ ከኋላ፣ ዓይኗ የቀላ ሴት ከመጨረሻ፣ ማንም ሳይናገር። ይህን ሰልፍ አይቶ የማያውቀው ማን አለ? የመጀመሪያዋ ጎረቤት ከበሯ አየችንና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። መርዶ ተከትሎ የሚሄድ ሰው «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሲደርስ ያውቀዋል። ዘወር ብዬ ሳይ ሃያ ሆነናል። «ተመለሱ» ልል ፈለግኩ። ፈርቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

እትዬ የሻሽወርቅ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው እሸት ባቄላ ይፈለፍላሉ። ቀና አሉ። አቶ ታደገን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ የሴቶቹን ነጠላ አዩ። የያዙት ባቄላ ከጣታቸው ወደቀ።

«ፈቃደ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ያን ጊዜ አቶ ታደገ ሌላ አነጋገር አያውቁምና ሃያ ዓመት ሲጀምሩበት በኖሩት ጀመሩ። «እትዬ የሻሽወርቅ፣ ሰው ሁሉ እንግዲህ የእግዚአብሔር ነው...»

የእትዬ የሻሽወርቅ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ። ከንፈራቸው ነጣ። በሕይወቴ ሽማግሌ ሲናገር አቋርጬ አላውቅም።

«ፈቃደ ደህና ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የሞቱት እርስዎ ነዎት!»

አንዲት ዶሮ የወደቀውን ባቄላ ልትለቅም መጣች።

«እኔ?» አሉ።

«እርስዎ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻዎን።»

«ፈቃደ የለበትም?»

«የለበትም። በመንገድ ላይ ነው። እየመጣ ነው።»

«ተመስገን» አሉ። እጃቸው ከደረታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ትንፋሻቸው ሲመለስ እኔም ተነፈስኩ። ቆየት ብለው «መቼ ነው የሞትኩት?» አሉኝ።

«ትናንት፣ በአራት ሰዓት።»

«ትናንት በአራት ሰዓት አንሶላ አጥብ ነበር።»

ከፊት ያሉት ይህን ሁሉ ሰሙ። ከኋላ ያሉት ግን የሰሙት «የሞቱት» የሚለውን ብቻ ነበርና ለቅሶውን ለቀቁት። አንዷማ «እትዬ የሻሽወርቅ፣ እናቴ፣ ማን አለኝ!» እያለች ደረቷን መታች። እትዬ የሻሽወርቅ ብድግ አሉ።

«ዝም በይ አንቺ! ልጄ በመንገድ እየመጣ ሟርት ታሰሚያለሽ? ይልቅ ከቆምሽ አይቀር ባቄላውን ፈልፍዪ፤ እንግዳ አለብኝ።»

አልቃሿ እንባዋን ጠርጋ ተቀመጠች። እትዬ የሻሽወርቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን የራስሽን ስም አልጻፍሽም?»

«ፈራሁ።»

«እኔ አልፈራም ብለሽ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ሰፌዱ መለሱ።

የቀረው ሚኒባሱ ነበር። አቶ ታደገ ከተማው መግቢያ ላይ ቆመው ሊያስቆሙት ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ቆይተው ጋቢያቸው ላይ አደይ አበባ ተሰክቶ ተመለሱ። ሰው የሞላበት ሚኒባስ ሲያዩ መሀል መንገድ ገብተው «አልሞቱም! አይዟችሁ!» ብለው አስቁመውት ኖሯል። የሠርግ አጃቢ ነበር። ሙሽራው ማን እንዳልሞተ ለማወቅ ብዙ ጠይቋቸዋል፤ ሚዜዎቹ ደግሞ ሳይጨፍሩ አንለቅዎም ብለዋቸዋል። «ጨፈሩ?» ብለን ስንጠይቃቸው ወደ አጥሩ አዩ።

እትዬ የሻሽወርቅ ግን ሐሳብ አግኝተዋል። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በርጩማቸውን አስወጥተው ከደጃፋቸው ውጭ ተቀመጡ። «እኔን እያየ ማን ያለቅሳል?» አሉ።

«መንፈስ መስለዋቸው ቢደነግጡስ?» አልኩ።

«መንፈስ ባቄላ አይፈለፍልም» አሉና ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

አጠገባቸው ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆሜ ዓይኔን ከደረታቸው ላይ አላነሣሁም፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን እቆጥር ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ቆጠራው ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። ቀድማ የወረደች አሰለፈች ናት፤ ካፖርቷን ስታወልቅ ከሥሩ ጥቁር ለብሳለች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወዮ...» ብላ ጀመረች። ከፊቷ ሟች ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። «ወዮ» መሀል ላይ ተሰብሮ «በስመ አብ!» ሆነ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ የነበሩት የፈቃደ አጎት አንድ እግራቸውን አውርደው ነበር፤ መልሰው አስገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

በሩ በግድ ተከፈተና ፈቃደ ወገቡን እያፍታታ ወረደ። እናቱን አየ። ከመኪናው ሙሉ ሰው ያልደነገጠ እሱ ብቻ ነው፤ ምንም አልነገሩትማ።

«እማ፣ ተሻለሽ እንዴ?»

«ተሽሎኛል» አሉ።

ጉልበታቸውን ሳመ፤ ከዚያ ዞረ። «እናንተ ምን ሆናችኋል? መንገዱን ሁሉ ፊታችሁን ጥላችሁ መጣችሁ፤ አሁን እናቴ ተሽሏት ስታዩ ትጮኻላችሁ?»

አሰለፈች ከተቀመጠችበት በዓይኗ ስትፈልግ አገኘችኝ። «ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለች።

ነኝ ብዬ ከአቶ ታደገ ጀርባ ገባሁ። እሳቸውም አበባቸውን እንደ ሰኩ «ሙከራ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን አክብደው፣ ሲያደርጉት የኖሩ ይመስል።

ሰዎቹ እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆዩ። ፈቃደ ከአራት ዓመት በኋላ መምጣቱ ነበር። ነገሩን ቀስ ብለው የነገሩት ምሳ ከበላ በኋላ ነው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና እናቱ ጎን ሄዶ ተቀመጠ፤ እስኪሄድ ድረስ አልተነሣም። እድሩ ተሰብስቦ ምን እንደሚፈርድብኝ እየፈራሁ እሑድን ቤቴ ዋልኩ። አቶ ታደገ «ደንቡ ላይ የለም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል አሉኝ ጎረቤቶቼ።

ሰኞ መብራት መጣ። ገጹን ላጠፋ ስወጣ እትዬ የሻሽወርቅ ከዘራቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። «አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። አብረን ሄድን። ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኳቸው። ዳዊት ሲደግሙ እንደሚያደርጉት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዕድሜያቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሰባ ስምንት» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቀጠሉ። ከገጹ ግርጌ አንድ ትንሽ ቁጥር ነበረች። «ይህስ?»

«ገጹ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ይቆጥራል።»

መቶ ሠላሳ ሰባት ይላል። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ሚኒባስ የመጡት ከነልጃቸው ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ሌላ የመጣም የደወለም አልነበረም።

«የከፈቱት ሰዎች ስም ይወጣል?»

«አይወጣም።»

በእነዚያ ሦስት ቀኖች ብዙ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን አልፈራሁም። ዓርብ ዕለት የከፈትኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

«እኔ በከፈትኩት ቁጥርም ይቆጥራል» አልኩ። «አብዛኛው እኔ ነኝ።»

«መቶ ጊዜ አየሽኝ?»

«ክፈፉ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ።»

ዞር ብለው ፊቴን አዩ። ዓይኔን አልሰበርኩም፤ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

«አንቺማ መጥተሻል» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በይ፣ አሁን አጥፊኝ።»

ጣቴ አልታዘዘኝም። የቱን መጫን እንዳለባቸው አሳየኋቸው፤ ራሳቸው ተጫኑት።